ከጽማዌ እስከ ፍቅር፦ የእግዚአብሔርን ፍቅር በዕለት ኑሮ ለማስተዋል የሚረዳ መመሪያ

በክርስትና ትምህርት የእግዚአብሔር ፍቅር ሰው በጸሎቱ፣ በጾሙ ወይም በምጽዋቱ ብዛት የሚገዛው ዋጋ ሳይሆን ገና ሳይፈልገው ቀድሞ የተሰጠው ስጦታ ነው፤ ሐዋርያው ዮሐንስም በመጀመሪያው መልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ የሰው ፍቅር ለዚህ ቀዳሚ ፍቅር የሚሰጥ ምላሽ መሆኑን ያስተምራል። ይሁንና የተሰጠ ሁሉ ታውቆ የተያዘ አይደለም። ብዙ ምእመናን እግዚአብሔር እንደሚወዳቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ አድገው፣ ቢጠየቁም ያለ ማመንታት «አዎን» የሚሉ ሆነው ሳለ፣ ይህ እውቀት በሥራ ቦታ ጭቅጭቅ፣ በቤት ኪራይ ጭንቀትና በሕመም አልጋ ላይ ምንም የሚፈይድላቸው አይመስላቸውም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው፤ ዓላማውም ፍቅሩ እንዴት እንደሚገኝ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ያለውን ፍቅር ለማስተዋል የሚያበቃው የዕለት ተግባር ምን እንደሚመስል በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

ቅደም ተከተሉ የተወሰደው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምናኔ ትምህርት ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ምንጫቸው ከሶርያውያን አበው ሆኖ ወደ ግእዝ ከተመለሱ በኋላ በጉባኤ ቤት የአማርኛ ትርጓሜ ሲሰጥባቸው ኖሯል፤ በዚሁ ትምህርት ዘንድ የሚነገሩት ዐሥሩ መዓረጋት ደግሞ አንድ ሰው ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብባቸውን ደረጃዎች ይዘረዝራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማለትም ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ በንጽሐ ሥጋ ሥር ይመደባሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት አራቱ ማለትም አንብዕ፣ ኲነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት የንጽሐ ነፍስ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና መዓረጋት ግን የፍጹማን ባሕታውያን ስለሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደሉም። ከዝርዝሩ ውስጥ ትኩረት የሚስበው ፍቅር በስድስተኛ ቦታ መቀመጡ ነው። የእግዚአብሔር ፍቅር ከሁሉ የሚቀድም ቢሆንም፣ ሰው ያን ፍቅር አጣጥሞ እርሱም መውደድ የሚችለው ዝምታን፣ ማስተዋልን፣ ጸሎትን፣ ንስሐንና ራስን መግዛትን ከተለማመደ በኋላ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ልባቸው እንዲሞቅ የሚጠብቁና ባይሞቅ ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች ስድስተኛውን ደረጃ በአንድ ዝላይ ለመያዝ የሞከሩ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አንባቢው ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ይወቅ። መዓረጋቱ የተነገሩት ለመነኮሳት ነው፤ ትዳርና ሥራ ያለው ምእመን ከእነርሱ ሊዋስ የሚችለው ቅደም ተከተሉን እንጂ ማዕረጉን አይደለም። «እዚህ ደረጃ ደርሻለሁ» ብሎ ራሱን መመዘን የጀመረ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ላይ እንዳልቆመ አባቶች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ።

ጽማዌ፦ አሥራ አምስት ደቂቃ

ጽማዌ አርምሞ ማለትም ከከንቱ ንግግርና ከከንቱ ወሬ መቆጠብ ነው። መነኩሴ በዓቱን ዘግቶ የሚያገኘውን ጸጥታ የከተማ ሰው ሊያገኘው ስለማይችል፣ አንባቢው ከቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ለይቶ ይጀምር። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምራቸው የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። ጀማሪ ሰባቱን በአንድ ጊዜ ልያዝ ቢል ብዙ ሳይቆይ ሰባቱንም ስለሚለቅ፣ ነግህን ማለትም የማለዳውን ጸሎት ብቻ ይያዝ።

ከመኝታው ሲነሣ ስልኩን ሳይነካ ፊቱን ይታጠብ፤ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ አማትቦና ሰግዶ አቡነ ዘበሰማያት ይድገም፤ ከዚያም ለአምስት ደቂቃ ያህል ምንም ሳይለምን ዝም ብሎ ይቁም። ቀላል የሚመስለው ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አፍ ዝም ባለ ቁጥር ሐሳብ ወደ ታክሲው ሰልፍ፣ ወደ ትናንቱ ክርክር፣ ወደ ዕቁቡ ዕጣ ይሮጣል። ሐሳቡ መሄዱን ያወቀ ሰው በራሱ ሳይናደድ አንዲት አጭር የምሕረት ጸሎት ብሎ ይመለስ፤ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ ይመለስ። የልመናው ዝርዝር ከዚህ በኋላ ይቆየዋል። ሁልጊዜ ለመጠየቅ ብቻ የሚመጣ ልጅ ያባቱን ፊት ለማየት ጊዜ እንደማይኖረው ሁሉ፣ ከልመና በፊት ያለችው ይህች ዝምታ የሚለመነው ማን እንደ ሆነ ለማሰብ የተለየች ናት።

ሁኔታው የማይፈቅድለት ሰው ብዙ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ከመላ ቤተሰቡ ጋር የሚኖር ሰው ሌሎቹ ሳይነቁ ቢነሣ ወይም በመንገድ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥቂት ቢቆም ያገኘዋል። አብያተ ክርስቲያናት በሌሉበት በሳዑዲ ዓረቢያ በአሠሪዎቿ ቤት የምትሠራ እኅት ግን ለብቻዋ የሚሆን ክፍልም፣ በእሑድ የማረፍ መብትም፣ ነጠላ አጣፍቶ የመቆም ነፃነትም ላይኖራት ይችላል፤ ለእርሷ ልብስ የምትተኩስበት ሰዓት ጽማዌዋ ይሁን፤ እጇ ሲሠራ ልቧ ይቁም። መቆም፣ መስገድና ወደ ምሥራቅ መመለስ ሥርዓት ናቸው፤ የተከለከለበት ሰው ግን እንደ ተወው አይቈጠርበትም።

ልባዌ፦ ጥቂት አንብቦ ብዙ ማየት

ልባዌ ማስተዋል ነው፤ መንገዱም ንባብ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ልማድ 150ው የዳዊት መዝሙር ዐሥር ዐሥር ሆኖ ለ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። ጀማሪ የዕለቱን ንጉሥ ሁሉ በችኮላ ከሚያነበንብ ከዕለቱ ድርሻ አንዲቱን መዝሙር ወስዶ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ቢያነብ ይሻለዋል። በአማርኛ ማንበብም ነውር አይደለም፤ በግእዝ ደግሞ ምንም አለማስተዋል ግን ከልባዌ ጋር አይሄድም።

ከመዝሙሩ ቀጥሎ በየቀኑ ከወንጌል ጥቂት ቁጥሮች ይነበቡ፤ ለዚህ ጉዳይ ከሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ መጀመር ይመከራል። አንባቢው ሦስት ጥያቄ ይዞ ይግባ፦ ሰውየው ምን ጠበቀ? እግዚአብሔርን የሚወክለው አካል ምን አደረገ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? የጠፋው ልጅ በሩቅ አገር ሳለ ለአባቱ የሚናገረውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል፤ ንግግሩም ሦስት ክፍል አለው፤ በደሉን ማመን፣ ልጅ መባል እንደማይገባው መናገር፣ በመጨረሻም እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዲቀበለው መለመን። አባቱ ፊት ሲደርስ ግን የሚሰሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስተኛውን ሳይናገረው አባቱ ልብሱን፣ ቀለበቱንና ጫማውን እንዲያመጡ አገልጋዮቹን ያዝዛል፤ የቅጥር ጥያቄው እንደ ተዘጋጀ ይቀራል። ምዕራፉን ቶሎ ያነበበ ሰው ይህን አያይም፤ ሦስት ጊዜ ያነበበ ግን በእግዚአብሔር ፊት ራሱ ያዘጋጀውን የቅጥር ውል ማለትም «ይህን ባደርግልህ ያን ታደርግልኛለህ» የሚለውን የስለት ሒሳብ ሊያስታውስ ይችላል። ስለት መሳል በራሱ የተነቀፈ አይደለም፤ ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ግንኙነት ሁሉ በስለት ሲያልቅ ግን ልጁ ሠራተኛ ሆኖ ለመኖር መረጠ ማለት ነው።

በዚያው ምዕራፍ የሚታለፍ ሌላ ነገር አለ። አባትየው ከቤቱ የወጣው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ለጠፋው፣ ኋላ ደግሞ ተቆጥቶ አልገባም ላለው ለታላቁ ልጅ። ዘወትር ቤተ ክርስቲያን የማይለይና በሌላው መመለስ የሚከፋው ሰው ድርሻው ከዚህ ላይ ነው።

ከንባቡ በኋላ ያስተዋለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በማስታወሻ ደብተር ያስፍር። ያልገባውን ደግሞ ከራሱ አያመንጭ፤ አንድምታ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ የትርጓሜ ስልት አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ገጽታ የሚፈታ ስለሆነ፣ መምህር ጠይቆ ቢያገኘው ከአንድ በላይ መልስ ይዞ ይመለሳል።

ጣዕሙ ሲመጣና ሲጠፋ

ጣዕመ ዝማሬ ጸሎትና መዝሙር የሚጣፍጥበት፣ ልብና አፍ አንድ የሚሆኑበት ሁኔታ ነው። ሲመጣ መቀበል፣ ለሰው አለማውራትና በማግሥቱ ይደገም ብሎ አለመጠየቅ ይበቃል። የሚያስቸግረው ሲጠፋ ነው። ጸሎት እንደ ደረቅ እንጀራ የሚያንቅበት ወራት ይመጣል፤ ሰውም እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል። ስለዚህ ጉዳይ በ7ኛው መቶ ዘመን የኖረው ማር ይስሐቅ የሰጠው ምክር የሚያጽናና ነው፤ ጨለማ የመጣበት ሰው መጸለይ ካቃተው ልብሱን ተከናንቦ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይተኛ እንጂ በዓቱን ትቶ አይውጣ ይላል። በዓለም ላለ ሰው ይህ ማለት የጸሎቱን ርዝመት መቀነስ፣ ጊዜውንና ቦታውን ግን አለመልቀቅ ነው። አሥራ አምስቱ ደቂቃ ሦስት ይሁን፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጥግ።

እዚህ ላይ ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ አለመፈለጉና የሕይወት ተስፋ መቁረጡ ሳምንታትን ካስቆጠረ፣ ነገሩ የመንፈሳዊ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙም ጠበሉም የአንዱ አምላክ ምሕረት መንገድ መሆናቸውን የማይቀበል መካሪ ቢገጥመው ሌላ መካሪ ይፈልግ።

አንብዕ፦ የማታ ሒሳብና ንስሐ

አንብዕ ዕንባ ነው፤ አስቀድሞ ስለ ራስ ኃጢአት፣ ኋላም ስለ ሌላው ኃጢአትና መከራ የሚፈስስ። ዕንባ በትእዛዝ አይመጣም፤ መንገዱን ማዘጋጀት ግን ይቻላል። አንባቢው ከመተኛቱ በፊት ቀኑን ከጧት ጀምሮ በሐሳቡ ይመልስ፤ የሚጀምረውም ከበደሉ ሳይሆን ከተቀበለው ነገር ይሁን። ጥቂት ብር የጎደለውን ተሳፋሪ «ይሁን ግባ» ያለ የታክሲ ረዳት፣ ልጅ ታሞ ሲታደር ጧት ጀበና ይዛ ያንኳኳች ጎረቤት፣ ስሕተቱን ለአለቃ ሳይነግር ያረመለት የሥራ ባልደረባ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። የእግዚአብሔር ፍቅር አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ የሚደርስ በመሆኑ፣ እጆቹን ያልቈጠረ ሰው ፍቅሩን አላየሁም ቢል አይደንቅም። ከዚህ በኋላ ወደ በደሉ ይሂድ፤ «ኃጢአተኛ ነኝ» በሚል ጥቅል ቃል ሳይሸፍን፣ ማንን በምን ቃል እንዳስከፋ ለይቶ ይያዝ። ምስጋናው ቀድሞ ስለ ተቈጠረ በደሉ የሚታየው በፍርሃት ሳይሆን በሐፍረት ነው፤ ይህ ሐፍረት ነው ወደ አንብዕ የሚያቀርበው።

የተያዘው በደል ወደ ንስሐ አባት ይወሰድ። የንስሐ አባት ምእመኑን የሚናዝዝ፣ ቀኖና ማለትም የጸሎት፣ የስግደት፣ የጾም ወይም የምጽዋት ሥርዓት የሚሰጥ ካህን ነው፤ ካህኑ ለፋሲካ ዋዜማና ለጠበል መርጫ ብቻ ሲጠራ ግን አገልግሎቱ ባዶ ይቀራል። ቀኖናው የበደል ክፍያ ሳይሆን የቁስል ማከሚያ ነው፤ የተቀማ ገንዘብ ወይም የጠፋ ስም ካለ ግን መመለስ ከቀኖናው ይቀድማል። ከንስሐ በኋላ ቅዱስ ቁርባን ይከተላል። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ ይህን ከባድ የሚያደርገው ግን ረሃቡ ሳይሆን «እኔ ማን ነኝና» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ብዙዎች በሕፃንነታቸው ቈርበው እስከ እርጅና የሚርቁት አክብሮት ነው ብለው ነው። ሆኖም የአባ ሕርያቆስ ድርሰት በሚባለው ቅዳሴ ማርያም ወልድን ከዙፋኑ ያወረደውና እስከ ሞት ያደረሰው ፍቅር መሆኑን እየሰማ የሚያስቀድስ ሰው፣ ያ ፍቅር ባዘጋጀው ማዕድ ፊት ቆሞ ሳይቀምስ ዕድሜውን መፈጸሙ አክብሮት ይባል እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ኲነኔ

ኲነኔ ነፍስ ሥጋን የምትገዛበት ደረጃ ሲሆን፣ የሚለመደው በጾም ነው። ስለ ጾም ብዙ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አንድ ተግባር ብቻ ይጨመራል፦ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው የቀረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለብቻው ያስቀምጥ፤ በወሩ መጨረሻም ለታወቀ ችግረኛ ይስጥ። ቁጠባ የሆነ ጾም ኪስን ይሞላል እንጂ ልብን አያሰፋም። የጾም ምግብ ከፍስኩ የሚወደድበት ማዕድ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ፍቅር

በዮሐንስ መልእክት የሚያየውን ወንድሙን የማይወድድ ሰው ያላየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ ቢል እውነተኛ አይባልም። ስለዚህ የእስካሁኑ ተግባር ሁሉ መፈተኛው ጎረቤት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ አለመፍረድ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ገዳመ አስቄጥስ የኖረውና ቀድሞ ሽፍታ የነበረው ሙሴ ጸሊም፣ የአንድ መነኩሴ በደል ለሚታይበት ጉባኤ ሲጠራ መጀመሪያ እምቢ ብሎ፣ ቢያስገድዱት የሚያፈስስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ እንደ መጣ ይተረካል፤ ሲጠይቁትም የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት። አንባቢው በወሬ መካከል የሰው ስም ሲነሣ ይህን ዕቃ ቢያስብ ብዙ ቃል ይቆጥባል።

ሁለተኛው የታመመን መጠየቅ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ክርስቶስ ለራሱ እንደ ተደረገ የቈጠረው ተግባር ስለሆነ በጥንቃቄ ሊፈጸም ይገባል። ጠያቂው በአልጋው ግርጌ ቆሞ የሌላ ሰው ሞት አይተርክ፤ ወንበር ስቦ ይቀመጥ፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ዝም ቢል ይበቃል። በሆስፒታል ውስጥ ከታማሚው ይልቅ የሚረሳው አስታማሚው ነው፤ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞር፣ ለታማሚው የመጣውን ምግብ ሲያጎርስ ራሱ ሳይበላ የሚውል። ከብርቱካንና ከጁስ ይልቅ «ዛሬ እኔ አድራለሁ፤ አንተ ቤትህ ሄደህ ተኛ» የሚል ጠያቂ ይበልጥ ጠቃሚ ነው፤ ያችን ሌሊት ወንበር ላይ ያሳለፈ ሰው ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ከብዙ ስብከት የማያገኘውን ሊያስተውል ይችላል።

ሦስተኛው ዕርቅ ነው። የተጣላ ሰው ከመቁረቡ በፊት ይታረቅ፤ ብቻውን መሄድ ካልቻለ ሽማግሌ ይላክ፤ የጽዋ ማኅበር ያለው ደግሞ ተራው ሲደርስ ድግሱን ከማሰናዳቱ በፊት የተኳረፉትን አባላት ያስታውስ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት በሚፈጽሙት ሕጽበተ እግር የሚታጠቡት እግሮች አልተመረጡም፤ ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበባት በመጀመሪያይቱ ማታ ከታጠቡት መካከል የይሁዳ እግር ነበረ። ይህ ማለት ግን የሚደበድብ ባል ያላት ሴት በቤት ውስጥ ታግሣ ትቀመጥ ማለት አይደለም። ይቅርታ የልብ ሥራ ነው፤ ከአደጋ መራቅና ሕግ ፊት መቆም ከይቅርታ ጋር አይጋጭም፤ «ስለ ፍቅር ብለሽ ቻይው» የሚል መካሪ የራሱን ምቾት በእግዚአብሔር ስም የጠራ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ሑሰት በአንድ ስፍራ ሳሉ የራቀውን በልብ ዐይን የማየት ጸጋ ስለሆነ የሚለማመዱት ሳይሆን የሚሰጥ ነው። ለጀማሪው የሚቀረው ጥያቄ የጀመረውን ሲያቋርጥ ምን ያድርግ የሚል ነው። ሰኞ ጀምሮ ረቡዕ ያልጸለየ፣ ሐሙስም በእንቅልፍ ያለፈው ሰው የሁለቱን ቀን ድርሻ በዓርብ ለመሙላት አይሞክር፤ ዓርብ ከ111ኛው መዝሙር ይጀምራል፤ ያለፈውን ደግሞ ለንስሐ አባቱ ይነግራል።